ተስፋ ለአራት ክለብ ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬ ሐሳቤን የማካፍላችሁ ስለ ሳውዲ ሊግ ነው። ሮናልዶ አል ናስር ከገባ ወዲህ የእረፍት ሰዓት ክርክራችን ሁሉ «ናስር ይበልጣል፣ ሂላል ይበልጣል» ሆኗል። የሌሎቹን ክለቦች ስም የሚያነሳ የለም። እነሱም እኮ ደጋፊ አላቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2023 የሳውዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የአራት ክለቦችን 75 በመቶ ድርሻ ያዘ። ክለቦቹም አል ሂላል፣ አል ናስር፣ አል ኢቲሃድና አል አህሊ ናቸው። ከዚያ ቤንዜማ፣ ኔይማርና ማህሬዝ ወደነዚህ ክለቦች መጡ። በ2024 ዋንጫውን ሂላል ወሰደ፣ በ2025 ደግሞ ኢቲሃድ። ሁለቱም ከአራቱ ናቸው። አል ቃድሲያህም አራምኮ የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ ከያዘው በኋላ በ2025 አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሊጉ ውስጥ ያሉት ግን 18 ክለቦች ናቸው። ታዲያ ሀብታም ባለቤት ያላገኘ ክለብ ደጋፊ ምን ተስፋ ያድርግ?

በፊት እንዲህ አልነበረም። በ2013 የሊጉን ዋንጫ የበላው አል ፈትህ ነው። አል ፈትህ በቴምር ዛፎቹ ከሚታወቀው ከአል አህሳ የመጣ ክለብ ነው። የዚያን ጊዜ የክለቡ ደጋፊ የነበረ ልጅ «የኛም ቡድን ይችላል» ብሎ በዓይኑ አይቷል። የዛሬው ልጅ ተስፋው «ዘንድሮ እንዳንወርድ» የሚለው ብቻ ከሆነ በጣም ያሳዝናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ገንዘቡ ባይኖር ሂላል ማንችስተር ሲቲን 4 ለ 3 ያሸንፍ ነበር?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ ሂላል ሲያሸንፍ እኔም ጮኬያለሁ። አል አህሊም በ2022 ወርዶ፣ በዓመቱ ተመልሶ፣ በ2025 የእስያ ሻምፒዮን ሆኗል። ሲወርድ ያልከዱት ደጋፊዎቹ ያ ደስታ ይገባቸዋል። እኔ የምለው ደስታው ለሌሎቹም ይድረስ ነው።

እስቲ በኛው ትምህርት ቤት እንየው። በክፍሎች ውድድር ጎበዝ ጎበዙ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቢሰበሰብ ሌላው ክፍል ለጨዋታ ይወጣል? ተመልካቹስ ይመጣል? ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ከታወቀ ኳስ አይጣፍጥም።

ስለዚህ እንደኔ እንደኔ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ጥቂቱ ለትናንሾቹ ክለቦች የታዳጊ ማሠልጠኛ ቢውል ጥሩ ነው። ትልቅ ኮከብ አንድ ቀን ጫማውን ይሰቅላል፤ የሰፈሩ ልጅ ግን ለሰፈሩ ክለብ ዕድሜውን ሙሉ ይጮሃል። እናንተም የናስርና የሂላል ደጋፊዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ ውጤት ስታዩ እስቲ የአል ፈትህንም እዩለት።

የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ!

ከ7ኛ ክፍል