ለሌለው ሰው ስለ ገንዘብ መስበክ

በወሎ፣ ሐይቅም ሆነ ውጫሌ፣ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ወጣቱ ሲያወሩ አንድ ፍርድ ቶሎ ይወጣል፤ «ይህ ትውልድ ገንዘብ እንጂ ሥነ ምግባር አያውቅም።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ የናፈቃቸው ናቸው። ፍርዱ ግን ያለቦታው ያርፋል። ገንዘብ ይበልጣል ወይስ ሥነ ምግባር ብሎ ተረጋግቶ ማማረጥ የሚችለው ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ለሌለው ሰው ገንዘብ ራሱ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፤ ልጅ የማብላት፣ እናት የማሳከም፣ የሞተን በወግ የመቅበር ጉዳይ። ስብከት የሚያስፈልገው ላለው ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ቀድሞ ያስተማረን ረሃብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ደሴ ገበያ ላይ እህል ነበር። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አንስቶ፣ የእህሉ ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ ያሳያል። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር የሚናገሩ ዘገባዎችንም ይጠቅሳል። ገበሬው ማሳው ባዶ ሲቀር የሚበላውንም የሚሸጠውንም ባንድ ጊዜ አጣ። ከብቱን ወደ ገበያ ቢነዳ ሁሉም እየነዳ ስለነበር የሚያገኘው ገንዘብ እህል አይገዛለትም። በሰው ቤት ያደሩ አሽከሮችና ገረዶች ተሰናበቱ፤ የጌታው ጎተራ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀነሰው የእነሱ እንጀራ ነበርና። ሴንን የተቹ ምሁራን አሉ፤ የምርቱን መውደቅ አቅልሎታል ይላሉ። ይሁንና እህል ያለበት ገበያ ዳር ሰው መግዣ አጥቶ መሞቱን የሚያስተባብል ክርክር አላየሁም።

እነዚያ ሟቾች ምን ዓይነት ሥነ ምግባር ጎደላቸው? ምንም። ዘመድ ከዘመድ ተካፍሎ በልቷል፤ መካፈሉ ያበቃው የሚካፈለው ስላለቀ ነው። ሥነ ምግባር የጎደለው ሥልጣንና ሀብት በያዘው ወገን ነበር። የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ገለጠው። ደርግ ያንኑ ፊልም ንጉሡን ለማውረድ ተጠቀመበት። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ራሱ የአብዮቱን በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ እንደገና እየተራበ ነበር። የወሎ ሰው ሁለት ጊዜ የሞተው ባለው ሰው ሕሊና ማጣት ነው።

አንባቢ የሐይቅ እስጢፋኖስን መነኮሳት ጠቅሶ ሊሞግተኝ ይችላል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ባጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተማሩበት በዚያ ገዳም ሰው ገንዘብን ንቆ ኖሯል፤ ታዲያ ድሃ ሆኖ በክብር መኖር ይቻላል ማለት አይደለም? ይቻላል። ግን የመነኩሴው ድህነት ወዶ የገባበት ነው። ከጀርባው ማኅበር አለ፤ ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢሞት የሚቀብረው። ገዳሙም ለዘመናት ርስትና ጉልት ነበረው፤ አለቃው ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ነበር። ተፈልጎ የተመረጠውን ድህነት አርአያ አድርጎ ሳይፈልግ በደኸየው ላይ መጫን በደል ነው። በዚሁ አገር ያለው እስልምናም ነገሩን ከላይ ይጀምረዋል። ዘካ የተባለው ግዴታ ምጽዋት የሚጠየቀው ኒሷብ፣ ማለትም የተወሰነው ዝቅተኛ የሀብት ልክ፣ የሞላለት ሰው ነው፤ ከገንዘቡ 2.5 በመቶ፣ በዝናብ ከበቀለ እህሉ ከዐሥር አንድ። ኒሷቡ ያልሞላለት ሰጪ አይደለም፤ ድሃ ከሆነም ተቀባይ ነው። ግዴታው ከባለ ሀብቱ ይነሳል።

አሁን ወደ ዛሬዋ ልጅ እንመለስ። ከሐይቅ ዙሪያ ወይም ከአምባሰል ወረዳ ተነስታ በጅቡቲና በየመን አድርጋ ሳዑዲ የምትገባው ልጅ ገንዘብ አምላኪ ትባላለች። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እንይ። የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ታናሽ ወንድሟ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ የአባቷ ዕዳ ይከፈላል። እሷ የሰው ቤት እያጸዳች ለራሷ የምታስቀረው ጥቂት ነው። ይህ ገንዘብን ማምለክ ከሆነ፣ ልጅ ለወላጅ ማዘኑንም ምን ብለን እንደምንጠራው አላውቅም።

ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። ደመወዟን የሚከለክላት አሠሪ አለ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል። ወደ ቤታችንም እንቅረብ። ሐዋላው ሲዘገይ «ምነው ረሳችን?» የሚል ቤተሰብ አለ፤ ታማ ይሆን ብሎ ሳይጠይቅ። ከሁሉም በፊት ደግሞ መንገዱን የሸጠላት ደላላ አለ።

ደላላው ብዙ ጊዜ የሩቅ ሰው አይደለም። የመንደር ልጅ ነው፤ ይታወቃል፤ ልጅ የሰጡት ወላጆችም ያመኑት ስለሚያውቁት ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ግን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እስካልመሰከረ ድረስ አዋጁ መንደር አይደርስም።

እዚህ ላይ ነው ወሎ ከሌላው አገር የሚበልጥበትን ነገር ሥራ ላይ ማዋል ያለበት፤ ቅሬን። ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ባንድ ይዞ ሟች የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና የመንደር ማኅበር ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም አፈር ያለብሳል፣ የቀረው ይቀጣል። ቅሬ ያገለለው ሰው በችግሩ ቀን ብቻውን ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ቅጣቱን ከፍሎ መቅረት እየተለመደ ነው። ቅጣቱ ለባለ ገንዘቡ ቀላል፣ ለድሃው ከባድ ስለሆነ እኩሉ ደንብ ሳይታወቅ ለባለ ገንዘቡ አደላ። መቀጫውን በገንዘብ ከመተመን ይልቅ በጉልበት ማድረግ የሚችል ቅሬ ይህን በአንድ ስብሰባ ሊያስተካክለው ይችላል።

ከዚያ የሚከብደው ሌላው ውሳኔ ነው። ቅሬ ሌባን ያገልል ከነበረ፣ የጎረቤቱን ልጅ ለበረሃ የሸጠውን ለምን አያገልልም? መዋጮውን ሳያጓድል ስለሚከፍል፣ ሠርግ ሲሆን በሬ ስለሚያመጣ፣ መኪና ስላለው? የሐይቅና የአምባሰል የቅሬ ዳኞች ወጣቱን ከመውቀሳቸው በፊት ይህን ጥያቄ በስብሰባ አንስተው፣ የደላላውን ስም በግልጽ ጠርተው ውሳኔያቸውን በመዝገባቸው ላይ ያስፍሩ።