ዱቄትና ሐዲድ፦ ራይላ የጠየቁት፣ እኛም መጠየቅ ያለብን



ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት እናቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገበያ ስትወጣ ሐሳቧን ከፊቷ አነበዋለሁ፤ ዛሬ ከዘይቱ ይቀነስ ወይስ ከሽንኩርቱ? እና ስለ ምግብ ግብርና ስለ ባቡር ዕዳ ስጽፍ ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ብቻ እየደገምኩ አይደለም። ጉዳዩን ግን ከጎረቤት ከኬንያ ልጀምር። ብልህ ከሰው ይማራል ይባል የለ?

እ.ኤ.አ. 2013 ላይ የኬንያ መንግሥት አዲስ የቫት ሕግ ይዞ መጣ። ረቂቁ የበቆሎ ዱቄትና ዳቦ ላይ ሳይቀር 16 በመቶ የሚጥል ነበር። የበቆሎ ዱቄት ለኬንያ ድሃ ማለት ለኛ ጤፍ ማለት ነው። ሕዝቡ ጮኸ፣ ዱቄቱና ዳቦው ከሕጉ ወጡ። ሌላው ሸቀጥ ግን መወደዱ አልቀረም። በዚያው ዓመት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 1.5 በመቶ «የባቡር ልማት» ክፍያ ተጣለ። ኅዳር ላይ ደግሞ የሞምባሳ ናይሮቢ ባቡር ሥራ መጀመሩ ተበሰረ።

በዚያን ጊዜ የተቃዋሚው ጎራ መሪ ራይላ ኦዲንጋ ነበሩ። አቋማቸው በአጭሩ ሲቀመጥ፦ ድሃ የሚበላውን አትቅረጡ፤ የባቡሩ ዋጋም ተጋኗልና አስረዱን። የመንግሥት ደጋፊዎች «የልማት ጠላት» አሏቸው። ይቺን ስም እኛም አገር በደንብ እናውቃታለን አይደል?

እስኪ ቁጥሩን እንየው። ከሞምባሳ ናይሮቢ 472 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ነው። ወጪው 327 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ፣ አብዛኛው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተበደሩት። የኛው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ደግሞ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ በኤሌክትሪክ እየሠራ፣ ወጪው 4 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። የነሱም ከሦስት ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሲካፈል የነሱ ከኛ በጣም ይበልጣል። እውነት ነው፣ ሁለቱን መስመሮች እኩል አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። የመሬቱ አቀማመጥ፣ የድልድዩ ብዛት፣ የጭነቱ ክብደት ይለያያል፤ የኬንያ መንግሥትም መልሱ ይኸው ነበር። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ውሉን ለምን ደበቃችሁት? ባቡሩ 2017 ላይ ሥራ ጀመረ፤ ከውሉ ሰነዶች ጥቂቶቹ ለሕዝብ የታዩት ግን 2022 መጨረሻ ላይ፣ መንግሥት ከተቀየረ በኋላ ነው። 2020 ላይ ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግዥው የአገሪቱን የግዥ ሕግ የጣሰ ነበር ብሎ ፈረደ። ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ዕዳው ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ! ስለዚህ በጥያቄው ሰውየው ልክ ነበሩ።

ዱቄቱና ሐዲዱ ሁለት የተለያዩ ርዕሶች የሚመስሏችሁ ካላችሁ ግን ተሳስታችኋል። አንድ ርዕስ ናቸው። ብድሩ በዶላር ይመጣል፣ በዶላር ይመለሳል። ባቡሩ ራሱ ከፍሎ ካልጨረሰ የሚከፍለው ግምጃ ቤቱ ነው። ግምጃ ቤቱ ከየት ያመጣል? ከግብር። ለመሰብሰብ የሚቀለው ግብር የቱ ነው? ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚገዛው ዕቃ ላይ ያለው። ሀብታምም ድሃም የሚበሉት ዳቦ አንድ ነው፤ ግን ሀብታሙ ከገቢው ጥቂቱን ለዳቦ ሲያወጣ ድሃው ከገቢው እጅግ የሚበልጥ ድርሻ ያወጣል። እኩል ግብር እኩል ሸክም አይደለም። ባቡር ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ባቡሩን ከምሳው ላይ ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን ወደሚመረው ክፍል ልምጣ። ራይላን ቅዱስ ላደርጋቸው አልተነሳሁም። ከቻይናው ኩባንያ ጋር የመጀመሪያው የመግባቢያ ሰነድ 2009 ላይ ሲፈረም እኮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። 2018 ላይ ከፕሬዚዳንት ኡሁሩ ጋር ተጨባበጡ፤ በዓመቱ ባቡሩን ወደ ኪሱሙ ለማስቀጠል ብድር ሊጠየቅ ሲኬድ አብረው ቤጂንግ ወረዱ። የዋጋው ጥያቄ የት ገባ? 2023 ላይ ኑሮ ተወደደ ብለው ሕዝቡን እንደገና አደባባይ አወጡት፤ ሰው ድስት ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ተሰለፈ። 2024 ላይ ዳቦ ላይ 16 በመቶ ቫት በድጋሚ ሲመጣ ግን መንገዱን የሞላው ማንንም መሪ ያልጠበቀ ወጣት ነበር። የዳቦው ቫት ወደቀ፣ ቀጥሎ ረቂቁ በሙሉ ወደቀ። በደርዘን የሚቆጠሩ ወጣቶችም ወደቁ። ደማቸው ሳይደርቅ የራይላ ፓርቲ ሰዎች ካቢኔ ገቡ፤ የገንዘብ ሚኒስቴሩንም የያዘው የሳቸው ሰው ሆነ።

ራይላ ጥቅምት 2025 ላይ አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። ለዴሞክራሲ ዓመታት እስር ቤት የከረሙ ሰው ናቸው፤ እሱን የሚክድ የለም። ጥያቄያቸው ግን ከሳቸው ይበልጥ ነበር። ትምህርቱም እዚህ ላይ ነው፦ ጥያቄው ትክክል ከሆነ፣ ጠያቂው ወንበር ሲያገኝ ጥያቄው አብሮት መቀመጥ የለበትም።

«ይሄ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የጅቡቲው ባቡር ብድር በ10 ዓመት ይከፈላል ተብሎ የተያዘው፣ አልቻልን ሲል 2018 ላይ ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። እኔ ዛሬ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነኝ። ሥራ ባገኝ እንኳን ፀጉሬ እስኪሸብት ከምገዛው ሳሙናና ዘይት ላይ የምከፍለው ዕዳ አለ ማለት ነው። ማንም አላማከረኝም። እናንተንም አላማከሯችሁም።

ባቡር ይሠራ፤ እኔ ባቡር ጠላት አይደለሁም። አገር ያለ ግብርም አይቆምም። ግን ውሉ ይታይ፣ ጨረታው ክፍት ይሁን፣ ዕዳው በስንት ዓመት በማን ኪስ እንደሚከፈል አስቀድሞ ይነገረን። የድሃ ማዕድ ደግሞ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው የግብር ምንጭ አይሁን።

ወጣቱ! የምትወደው ፖለቲከኛ በሚቀጥለው ጊዜ «ኑሮ ተወደደ» ብሎ ሲጮህልህ አጨብጭብ፣ ችግር የለውም። ጭብጨባህን ስትጨርስ ግን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ነገ ሥልጣን ላይ ስትወጣ ደረሰኙን ታሳየናለህ?» መልሱን ጻፈው፣ ቀኑንም ጻፍበት። ቀኑ ሲደርስ አውጥተን እናነብለታለን።

እናቴ ከገበያ ተመለሰች። ሽንኩርቱ ነው የተቀነሰው።