ስለ ራስ ፍልጠትና ስለ ደም ግፊት ማነስ

በጮቄ ተራራ ዙሪያ፥ በብቸናና በሞጣ ደጋ፥ ራሱን የታመመ ሰው ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ያሸታል፤ ግንባሩንም በሻሽ ጠፍሮ ያስራል። ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። ነገር ግን አዘውትሮ በአንድ ወገን ራስ እየወቀረ የሚመላለሰው፥ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላው፥ የሚያስመልሰውም ሕመም ማይግሬን ይባላል፤ ካልታከሙት ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አንድ ጥናት በአገራችን ከ100 አዋቂዎች ወደ 18ቱ እንደሚያማቸው ገልጿል።

በዚህ ላይ የደም ግፊት ማነስ ሲደረብ ነገሩ ይከፋል። እኛ በችሎት ስንጽፍ፥ ተከራካሪው ብዙ ሰዓት ቆሞ ሳለ ፊቱ ሲገረጣ፥ ላብ ሲያጠምቀው፥ ጕልበቱም ሲከዳው አይተናል፤ ተመልካቹም «ሐሰቱ ጣለው» ይላል። ሐሰት ሰውን የሚጥል ቢሆን ኖሮ ችሎቱ ሁሉ በተጋደመ ነበር። የጣለውስ ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ለአንጎሉ ስላነሰው ነው፤ ዳኛውም እንዲቀመጥ ቢፈቅድለት ፍርድ አይጓደልም። ሐኪሞች የላይኛው ልክ ከ90፥ የታችኛው ከ60 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይሉታል። ተኝቶ ከተለካ በኋላ ቆሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ቢወርድ፥ ይህም ራሱን የቻለ ምልክት ነው።

ሁለቱን በሽታዎች አስቸጋሪ የሚያደርጋቸው የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ጠንቅ መሆኑ ነው። ራሱን ለፈለጠው ሰው ዋግምት አድርጎ ደም ማፍሰስ ግፊቱ ያነሰውን ይጥለዋል። ማይግሬን እንዳይመላለስ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎልም የደም ግፊትን ያወርዳል፤ አሚትሪፕቲሊንም ሲነሡ ያዞራል። ስለዚህ በብቸናም ሆነ በሞጣ ሆስፒታል የቀረበ ሰው ሁለቱን ሕመም አብሮ ይንገር፤ ግፊቱም ተኝቶና ቆሞ እንዲለካ ይጠይቅ። ኤርጎታሚን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ለግፊት ማነስ ይበጃል ብሎ በገዛ ግምቱ የሚውጥም አይጥፋ። ይህ መድኃኒት የሚወጣው በእህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ይኸው ሻጋታ የያዘው ስናር ከእህል ጋራ ተቀላቅሎ ቢበላ የብዙ ሰው እግርና እጅ ደም አጥቶ በስብሷል፤ የሞቱም አሉ።

በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ሁለቱንም በሽታ ይጠራል። ፍትሐ ነገሥቱ በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲያዝ ሕመምተኛን አያስገድድም፤ የንስሐ አባትንም ማማከር ነውር የለበትም። ከመኝታ ሲነሡ አስቀድሞ ጥቂት መቀመጥ፥ በቅዳሴ ጊዜ ዓይን ሲጨልም መቋሚያ ይዞ ከመታገል ይልቅ መሬት ላይ መቀመጥ ይሻላል። ቡና ጥቂቱ ይረዳል፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ሲጠጣ ኖሮ ድንገት ያቋረጠ ሰው ግን በዚያው ራሱን ይታመማል። ጨው መጨመር በሐኪም ቃል ብቻ ይሁን።

ፓራሲታሞል ሕመሙ እንደ ጀመረ ቢወሰድ ይጠቅማል፤ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ ግን ራሱ ኪኒኑ ራስ ምታት ያመጣል። ድንገት እንደ መብረቅ የወረደ ራስ ምታት፥ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ፥ ከአንደበት መያዝ፥ ከአንድ ወገን አካል መድከም ጋራ የመጣ ቢሆን፥ የቤት መድኃኒት ሳይፈለግ፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።