ሣጥን የሌለው ሸቀጥና የባለሱቁ ድርሻ

ንግድ ከጥንት ጀምሮ መጠበቅን የሚጠይቅ ሥራ ነው። አስመጪው መርከቡን ይጠብቃል፤ ባለሱቁ አስመጪውን ይጠብቃል፤ ገዢውም ዐዲሱ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ እስኪታይ ድረስ ይመላለሳል። የዕቃው ማነስና መዘግየት ዋጋውን ስለሚወስን፣ አስቀድሞ ያዘዘና አስቀድሞ የከፈለ ሰው ብልህ ነው ሲባል ኖሯል። በቤት የቪዲዮ ጨዋታ ማጫወቻዎች ንግድ ግን ይህ ልማድ ከመሠረቱ ተናግቷል። ዛሬ ወጣቱ በናፍቆት የሚጠብቀው ጨዋታ በሣጥን ታሽጎ በጉምሩክ የሚያልፍ መሆኑ እየቀረ፣ በኢንተርኔት መስመር በቀጥታ ወደ ማጫወቻው የሚወርድ እየሆነ ሄዷል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ የባለሱቁን ትርፍና የገዢውን አመኔታ የሚነካ ነውና።

የዚህ ዐይነቱ ሽያጭ ጅማሬ የቅርብ ጊዜ አይደለም። ማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ ላይቭ አርኬድ» የተባለውን አገልግሎት የጀመረው በ2004 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2006 ሶኒ «ፕሌይስቴሽን ስቶር»ን፣ ኒንቴንዶም ዊ ለተባለው ማጫወቻው የሚሆን መደብር ከፈቱ። በ2008 በዊ መደብር በ15 ዶላር የቀረበው «ወርልድ ኦቭ ጉ» የተባለው ጨዋታ ሁለት ሰዎች ያቋቋሙት አነስተኛ ኩባንያ ሥራ ነበር። እነዚህ ሰዎች ዲስክ ሳያሳትሙ፣ ሣጥን ሳያሠሩና መጋዘን ሳይከራዩ ከታላላቅ ድርጅቶች ጎን ቆመው ገበያ ማግኘታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሥራን ከሠሪው እጅ ወደ ገዢው ቤት በአንድ ሌሊት የሚያደርሰውን ዘዴ በጅምላ የሚያወግዝ ነጋዴ ቢኖር፣ ከዘመኑ ጋር በከንቱ ይጣላል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሲያጥር በመንገዱ ላይ ይተዳደሩ የነበሩት ሰዎች እንጀራ መቀነሱ አልቀረም። ሶኒ በ2009 ዲስክ የማይቀበል «ፒኤስፒ ጎ» የተባለ የእጅ ማጫወቻ ባወጣ ጊዜ፣ በውጭ አገር አንዳንድ ቸርቻሪዎች አንሸጥም ብለው ነበር። ከማሽኑ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ሲሆን፣ ሱቁን የሚያቆመው ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ጨዋታ ነውና ቅሬታቸው የሚገባ ነው። እምቢታቸው ግን ጊዜውን አላቆመውም። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ፣ ዲስክ የሚቀበለው በ500 ዶላር፣ የማይቀበለው በ400 ዶላር ግድም ቀረበ። በ2023 የወጣው «አለን ዌክ 2» በመጀመሪያ በማውረድ ብቻ ተሸጦ፣ ዲስኩ የመጣው በ2024 ነው። በዚያው በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ የዲስክ ማንበቢያው ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠምለት ሆነ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ለመጪ ጨዋታ አስቀድሞ መክፈል ምን ጥቅም አለው? ስኳር ያልቃል፤ ቡናም ይወደዳል፤ የሚወርድ ጨዋታ ግን አንድ ሚሊዮን ሰው ቢገዛው ለሚቀጥለው አይጎድልም። ስለሆነም «ሳያልቅ ይሽቀዳደሙ» የሚለው ጥሪ ለዚህ ሸቀጥ ባዶ ቃል ነው። ፋይሉን ከመውጫው ቀን በፊት ማውረድ መቻሉ መስመሩ ለደከመበት ሰው እውነተኛ ጥቅም ቢሆንም፣ ያልታየን ዕቃ በሙሉ ዋጋ ከመግዛት ጋር ሲመዘን ብዙ አይደለም። በዲሴምበር 2020 የወጣው «ሳይበርፐንክ 2077» 8 ሚሊዮን ቅድሚያ ግዢ ማግኘቱን አሳታሚው አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ጨዋታው በቀድሞዎቹ ማጫወቻዎች ላይ እጅግ ጉድለት የበዛበት ሆኖ በመገኘቱ፣ ሶኒ በወጣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከመደብሩ አንሥቶ ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ፤ ጨዋታው ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

ቀጠሮውም ቢሆን የሚያስተማምን አይደለም። ለ2025 ታስቦ የነበረው «ግራንድ ቴፍት አውቶ 6» በመጀመሪያ ወደ ሜይ 2026፣ ቀጥሎም ወደ ኖቬምበር 2026 ተላልፏል። እንዲህ ባለ ቀጠሮ ተማምኖ በብድር ማሽን ያከማቸ ባለሱቅ፣ ቀኑ ሲራዘም ወለዱን የሚከፍለው ራሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ገዢው በገንዘቡ ምን እንደሚያገኝ ሊጤን ይገባል። ዲስክ የገዛ ሰው ሊያውሰው፣ ሊሸጠው፣ ለልጁም ሊያቆየው ይችላል። የሚወርደው ጨዋታ ግን በመደብሩ መኖር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የዊ መደብር በማርች 2018 ገንዘብ መሙላት አቁሞ በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ተዘግቷል፤ የኤክስቦክስ 360 መደብርም በጁላይ 2024 ተዘጋ። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሠራው ሕግ፣ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ሲሆን ሻጩ ይህን በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ከልክሏል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ። የቤቱ ባለቤት ዋጋው ረከሰልኝ ብሎ ዲስክ የማይቀበል ማሽን ገዝቶ ቢገባ፣ ያጠራቀማቸው ዲስኮች በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ ይሆኑበታል። እንግዲህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የማሽኑን ዐይነት ለይቶ ይወቅ፤ ባለሱቁም ማሽኑ ዲስክ የማይቀበል ከሆነ ይህንኑ በደረሰኙ ላይ ጽፎ ይሽጥ። የፕሌይስቴሽን የቅድሚያ ክፍያ ካርድ የሚሠራው ሒሳቡ በተከፈተበት አገር ስለሆነ፣ የሌላ አገር ካርድ ሸጦ ገዢን ማሳዘን አይገባም። በእጁ ለሌለና ለማያልቅ ዕቃም ቀብድ አይቀበል። ይልቁንስ ገንዘቡን ጆይስቲክ፣ ገመድ፣ መለዋወጫና የጥገና ሙያ በመሰሉት፣ በመስመር በማይወርዱት ነገሮች ላይ ቢያውለው ይሻላል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ሊጀመር ይገባል። ጨዋታው ያለ ባለሱቁ እጅ ወደ ገዢው ቤት መግባት ጀምሯል፤ ለገዢው እውነቱን ነግሮ የሚሸጥ፣ ሲበላሽም የሚጠግን የታወቀ ደጃፍ ግን አሁንም ይፈለጋል። ባለሱቁ ሊጠብቀው የሚገባው ይህንኑ ደጃፉን ነው።