የባዕድ አገር ፊልም በምን ዓይን ይመርመር?

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሳሎንም ሆነ በስድስት ኪሎ አዳራሽ የባዕድ አገር ፊልም ባየን ቁጥር ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው ፍርድ ሁለት ነው፤ ወይ «እኛን አይመለከትም»፣ ወይ «ልክ እንደ እኛ ነው»። ሁለቱም የስንፍና ፍርዶች ናቸው።

ቻይናዊው ዋንግ ቢንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን «ከሐዲዱ በስተ ምዕራብ» የተባለ ፊልም እንውሰድ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ተራኪ የለውም። የሼንያንግ ከተማ የመንግሥት ፋብሪካዎች ሲዘጉ ያሳያል። በመጨረሻው ክፍል በሐዲዱ ዳር ከሰል እየለቃቀሙ የሚኖሩ አባትና ልጅ አሉ።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማይቱን የወለዳት ምድር ባቡር ነው። ከአዲስ አበባ የሚወስደው አሮጌው መስመር ሥራ ካቆመ በኋላ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጪ ሆነ።

ይሁንና ድሬዳዋ ሼንያንግ አይደለችም። እዚያ የፈረሰው መንግሥት ለሠራተኛው የገባው የዕድሜ ልክ እንጀራ ተስፋ ነው። እዚህ አሮጌውን ሐዲድ የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው፤ አዲሱን የሠሩት ደግሞ የቻይና ኩባንያዎች! በራሱ አገር የሐዲድ ሠራተኛው ሲወድቅ የታየው ቻይና ለእኛ የተስፋ ሐዲድ ዘርጊ ሆኖ መጣ። ይህን ከፓሪስ ወይም ከፔኪንግ ሐያሲ ይልቅ አስቀድመን ማየት የሚገባን እኛ ነን።

እንግዲህ ብዕር የምታነሡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፊልሙን ከመፍረዳችሁ በፊት ጡረታ የወጡትን የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች ጠይቁ፤ ቃላቸውንም ቅረጹ። ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ የለም።