«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

«ሲስተም የለም» መባልን ያልቀመሰ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አገልግሎቶችን ከአሮጌ ፕሮግራም ወደ አዲስ የማዛወሩ ነገር የዕለት ወሬ ሆኗል። ዝውውሩን አልቃወምም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስንት ወር፣ ስንት ሰው፣ ስንት ብር እንደሚፈጅ ግምቱን የሚያወጣው ማን ነው? የትስ ተቀምጦ?

ነገሩን ከመተማ ዮሐንስ ልየው። የጉምሩክ ሥራችን ለዓመታት የተካሄደው አሲኩዳ ፕላስ ፕላስ በተባለ፣ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ባዘጋጀው ፕሮግራም ነበር። እሱን የተካው የኤሌክትሮኒክ ጉምሩክ አስተዳደር ሥርዓት በድረ ገጽ በኩል የሚሠራ ነው። ጥር 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ተመረቀ። ዕቃ ለማስለቀቅ የሚፈጀው 44 ቀን ወደ 13፣ ኋላም ወደ 3 ይወርዳል ተብሎ ነበር።

እኔ የሕግ እንጂ የኮምፒዩተር ሰው አይደለሁም። ሆኖም የሙያው ሰዎች ግምት ሲያወጡ የሚቆጥሩትን አውቃለሁ፤ ስንት ገጽ አለው፣ ስንት ሪፖርት ያወጣል፣ ከስንት ሌላ ፕሮግራም ጋር ይገናኛል። አሜሪካዊው ባሪ ቦህም በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ገና በጅምሩ የሚወጣ ግምት ከእውነተኛው ልክ አራት እጥፍ ሊበልጥ፣ ወይም ሩቡን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከመነሻው እንዲህ የሰፋ ግምት ውል ውስጥ ሲገባ ግን አንድ ቁርጥ ቁጥር ሆኖ ይፈረምበታል!

ከቆጠራው የሚቀረው ብዙ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን የማያውቅ ፕሮግራም ከጳጉሜን ጋር እንዴት ይስማማል? «መተማ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ አንድ «ኤም»፣ ሌላው ሁለት ይጥልበታል። የአንድ ነጋዴ ስም እንደ መዝጋቢው እጅ መሐመድም ሙሀመድም ይሆናል። አሮጌው መዝገብ ሲገለበጥ እነዚህን አንድ በአንድ የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ በገጽ ብዛት አይለካም።

ሕጉም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅም። በ2011 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ቀርቶ የገቢዎች ሚኒስቴርና የጉምሩክ ኮሚሽን መጡ። በዚያው ዓመት የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 ተሻሻለ። የመሥሪያ ቤት ስም፣ ሥልጣን ወይም የጊዜ ገደብ በተነካ ቁጥር ፕሮግራሙም ይነካል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቆላው ራሱ ነው። ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ መብራትና ኔትወርክ ባሉበት ቀን ሁሉ አይዘልቁም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በሺህ የሚቆጠር ስደተኛ በመተማ በኩል ገባ። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲስፋፋ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በድረ ገጽ የሚሠራ ሥርዓት ያለ ኢንተርኔት ምን ይረባል?

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመርህ ደረጃ የቀረጡ ተመንም የውጭ ገንዘቡ ምንዛሪም የሚያዘው ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ቀን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። እንዲህ ባለ ዋዜማ ኔትወርክ ጠፍቶበት ያደረን አስተላላፊ አስቡት። ልዩነቱን ማን ይክፈል?

በሌላው ዓለም ተጠያቂነት አለ። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ ሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የደንበኞቹን መዝገብ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሒሳቡን ማየት አቃተው። በኋላ የተደረገው ማጣራት ካገኛቸው ጥፋቶች አንዱ የሚገርም ነው፤ መጀመሪያ ቀን ተቆርጦ ሥራው ለቀኑ እንዲስማማ መደረጉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ባንኩ ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጣ። በዓመቱ የቀድሞው የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ ከ81 ሺህ ፓውንድ በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት። እኛ ዘንድ የምረቃው ቀን ከግምቱ ቀድሞ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ በዚህ በግሉ የተቀጣ ኃላፊ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ቀጣዩ ዝውውር ሲታሰብ ግምቱ ከዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከመተማና ከመሰሎቿ ኬላዎች ይጀመር። ገማቹ ከመዝጋቢውና ከአስተላላፊው አጠገብ ቢያንስ አንድ የሰሊጥ ወቅት ይቀመጥ። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጊዜ በውሉ ይታሰር፤ መዝገቡም የመንግሥት ንብረት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት በወረቀት የቀረበ ዲክላራሲዮን ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠርም ከምረቃው በፊት በመመሪያ ይወሰን።