ስለ ጅዳ ጎርፍና ስለ አቃቂ ወንዝ

ከጅዳ ወደ መካ የተጓዘ ሁሉ ውሃ የሌላቸውን ወንዞች ያውቃል፤ አገሬው «ዋዲ» ይላቸዋል። መካ ራሷ በዋዲ ኢብራሂም ውስጥ ናት። በ1941 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጎርፍ ከቧት ካዕባን በዋና የዞሩ ነበሩ።

ኖቬምበር 25 ቀን 2009፣ የሐጅ ሥርዓት በተጀመረበት ዕለት፣ በጅዳ በ4 ሰዓት ውስጥ ከ70 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ፤ ከተማው በዓመት የሚያገኘው በአማካይ 50 ያህል ነው። ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ክፉኛ የተመታው ቁወይዛ የሚባለው ሠፈር የተሠራው በዋዲው መንገድ ላይ ነበር። ይህን የተፈጥሮ መዓት ብቻ ነው የሚሉንን አንቀበላቸውም። ውሃው የሄደው በገዛ መንገዱ ነው፤ ከሹማምንቱም ተከስሰው የተፈረደባቸው አሉ። በ2006 ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ የድሬዳዋ ወገኖቻችንን ሲወስድ የሆነውም ይኸው ነው።

ከ2011ዱ ሁለተኛ ጎርፍ በኋላ ጅዳ ግድብና ቦይ ሠራች። በ2022 በ6 ሰዓት 179 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የሞቱት 2 ነበሩ። ለውሃው መንገድ መስጠት ነፍስ ያድናል፤ ይህን የሚክድ የለም። የሲሚንቶ ቦይ ግን ወንዝ አይደለም።

እኛ ሕክምና የምንማረው አንድ ጊዜ የደረሰን ጉዳትና በየቀኑ የሚሰጥን መርዝ ለይተን እናያለን። ጎርፍ በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ነፍሳት ጠርጎ ቢወስድ፣ በምንጩና በገባር ጅረቶች የተረፉት በሳምንታትና በወራት ተመልሰው ይሠፍሩበታል። ፋብሪካና ሽንት ቤት በየቀኑ የሚለቀቅበት ወንዝ ግን ማገገሚያ ጊዜ የለውም። ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበና የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ትንሹ አቃቂ ለብዙ ዘመን የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክሟል፤ ሁሉም አባ ሳሙኤል ላይ ይጠራቀማል። በዚሁ ውሃ የበቀለውን ጎመንና ሰላጣ የሚበላው የአዲስ አበባ ሕዝብ ነው፤ ነገ በተቅማጥ ታሞ ሲመጣ የምናክመውም እኛው ነን።

በ2019 የ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ልማት በ29 ቢሊዮን ብር ታቀደ፤ ለዚሁም በሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት ራት ተበላ። መናፈሻውን አንጠላም፤ ለዕረፍት ስንገባ እኛም ተንሸራሽረንበታል። የምንቃወመው ቁስል ሳይታጠብ መታሸጉን ነው። ከወንዙ ዳር የሚነሣው ድሃስ ወዴት ይሄዳል?

የማኅበራችን ቀጣይ ጉባኤ ይህን በአጀንዳው እንዲይዝ እንጠይቃለን። በባዮሎጂ፣ በምሕንድስናና በሕክምና የምንማር አባሎች አንድ ኮሚቴ አቋቁመን፣ በየዓመቱ ለዕረፍት የሚገባ ጓድ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ድንጋይ እየገለበጠ በሥሩ ምን ነፍስ እንዳለ መዝግቦ ያምጣልን።